ጆንያው ለምን ሻገተ? የችግርን ሥረ መንሥኤ ስለ መመርመር

በመቱ፣ በጎሬ፣ በያዩ ወይም በበደሌ ያደገ ሰው በደንብ የደረቀ ቡና ሽታ ምን እንደሚመስል ማንም እንዲነግረው አይሻም። የሻገተውን ቡና ሽታም እንዲሁ። የመጋዘኑ በር ተከፍቶ ያ የሻጋታ ሽታ አፍንጫን ሲመታ በስፍራው የተገኘው ሁሉ አንድ መልስ አያጣም። አንዱ «ዘበኛው ጣሪያው ሲያፈስ አላየም» ይላል፤ ሌላው «ገበሬው እርጥቡን አመጣብን» ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ «የኢሉባቦር ዝናብ ነው፣ ምን ይደረጋል!» በማለት ነገሩን ይዘጋዋል። ሦስቱም መልሶች እውነት ሊሆኑ ይችላሉ። ይሁን እንጂ አንዳቸውም አልተመረመሩም።

በዚህ ጽሑፍ የጥራት ሥራ አመራር ባለሙያዎች «የሥረ መንሥኤ ትንተና» እና «የእርማት ርምጃ» የሚሏቸውን ሁለት ጽንሰ ሐሳቦች ለመዳሰስ እንሞክራለን። ጉዳዩን የምንመለከተው በፊዚክስ መምህር ዓይን ነው። ምክንያቱም ስለዚህ ትምህርት በየሥልጠናው ሲነገር ከምንሰማው ውስጥ የንድፍ አሣሣሉ ብዙ፣ የመለካቱ ነገር ግን ጥቂት ሆኖ አግኝተነዋልና።

ማስተካከል እና ማረም

አስቀድመን ሁለት ቃላትን እንለይ። የሻገተውን ቡና ከጆንያው አውጥቶ ፀሐይ ላይ ማስጣት ማስተካከያ ነው። የተበላሸውን ነገር ያስተካክላል፤ ያበላሸውን ነገር ግን አይነካም። የእርማት ርምጃ የሚባለው ጉድለቱን ያመጣውን መንሥኤ የሚያስወግድና ጉድለቱ እንዳይደገም የሚያደርግ ተግባር ነው። አይ.ኤስ.ኦ. 9000 በሚል ቁጥር የሚታወቀው ዓለም አቀፍ ደረጃም ሁለቱን በዚሁ መንገድ ለይቶ ይበይናቸዋል። በየዓመቱ በኅዳርና በታኅሣሥ ያንኑ ቡና ደጋግሞ የሚያሰጣ መጋዘን በማስተካከል ረገድ ብርቱ ሊሆን ይችላል፤ አንዳች ነገር አርሟል ለማለት ግን አይቻልም።

«ለምን?» እያሉ መንሥኤን ወደ ኋላ የመከተል ዘዴ በስፋት የታወቀው በጃፓኑ የቶዮታ ኩባንያ ነው። የኩባንያውን የአመራረት ሥርዓት የቀረጹት ታይቺ ኦኖ እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተሙት መጽሐፍ አንድ ምሳሌ ሰጥተዋል። ምሳሌው በአጭሩ እንዲህ ነው፦ መሣሪያው ቆመ፤ ከአቅም በላይ ጭነት ስለ በዛበት ፊውዙ ተቃጥሎ ነበርና። ጭነቱ የበዛው ኩሽኔታው በቂ ቅባት ስላላገኘ ነው፤ ቅባት ያጣው ፓምፑ በሚገባ ስላልሳበ ነው፤ ፓምፑ ያልሳበው ዘንጉ ስለ ተበላ ነው፤ ዘንጉ የተበላው ደግሞ ማጣሪያ ባለመኖሩ የብረት ብናኝ ስለ ገባበት ነው። ፊውዝ ብቻ የሚቀይር ጠጋኝ ከጥቂት ወራት በኋላ ሌላ ፊውዝ ሊቀይር ይመለሳል። የቶኪዮ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ካኦሩ ኢሺካዋ ደግሞ ለአንድ ጉድለት ሊሆኑ የሚችሉ መንሥኤዎችን ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ የሚያሳየውን የዓሣ አጥንት ንድፍ አበርክተዋል። ይህ ትምህርት ካይዘን በሚል ስም ወደ አገራችንም ገብቷል፤ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በጃፓን ድጋፍ በተመረጡ ፋብሪካዎች ከተሞከረ በኋላ በ2011 የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቁሞለታል።

ሆኖም «ለምን?» ብሎ አምስት ጊዜ መጠየቅ በራሱ እውነትን አያስገኝም። ለእያንዳንዱ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ግምት ከሆነ አምስተኛው መልስ የአምስት ግምቶች ክምር ነው። ዘዴው ሳይንስ የሚሆነው በእያንዳንዱ ደረጃ ላይ «ይህ መልስ እውነት ከሆነ ሌላ ምን መታየት አለበት?» ተብሎ ሲጠየቅ እና የተባለው ነገር ሲለካ ነው። ይህንን በምሳሌ እንመልከት።

አንድ መቶ ጆንያ

ምሳሌው ለትምህርት ያዘጋጀነው ነው። በመቱ አካባቢ ያለ አንድ መጋዘን 10 ሜትር ርዝመት፣ 8 ሜትር ስፋት እና 4 ሜትር ቁመት አለው እንበል። በውስጡ እያንዳንዳቸው 60 ኪሎ ግራም የሚመዝኑ 100 ጆንያ የተፈለፈለ ያልታጠበ ቡና ተደርድሯል። ቡናው ሲገባ የእርጥበት መለኪያው 11.5 በመቶ አንብቧል፤ ጥሩ ነው። ዓለም አቀፉ የቡና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣው ውሳኔ ለንግድ የሚቀርብ ቡና እርጥበት ከ8 በመቶ እንዳያንስ፣ ከ12.5 በመቶም እንዳይበልጥ ይመክራልና። ከሦስት ወር በኋላ ግን ጆንያዎቹ ሻገቱ፤ ናሙና ተወስዶ በቤተ ሙከራ ሲለካም እርጥበቱ 14 በመቶ ሆኖ ተገኘ።

እንግዲህ ከመጠርጠራችን በፊት እናስላ። በ11.5 በመቶ እርጥበት፣ በ60 ኪሎ ግራም ቡና ውስጥ 6.9 ኪሎ ግራም ውኃ እና 53.1 ኪሎ ግራም ደረቅ ቁስ አለ። ደረቁ ቁስ አይጨምርም፤ ስለዚህ እርጥበቱ 14 በመቶ እንዲሆን ጠቅላላ ክብደቱ 53.1 ሲካፈል ለ0.86፣ ማለትም 61.74 ኪሎ ግራም መሆን አለበት። ልዩነቱ በአንድ ጆንያ 1.74 ኪሎ ግራም፣ በመቶው ጆንያ 174 ኪሎ ግራም ውኃ ነው። ይህም ከስምንት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በላይ ማለት ነው! ይህ ሁሉ ውኃ ከወዴት መጣ?

«ከአየሩ ነው» የሚለውን መልስ እንውሰድ። በ22 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀትና በ70 በመቶ አንጻራዊ እርጥበት፣ አንድ ሜትር ኩብ አየር 13.6 ግራም ያህል የውኃ ተን ይይዛል። የመጋዘኑ ይዘት 320 ሜትር ኩብ ስለሆነ በውስጡ ያለው ተን ሁሉ ተጨምቆ ቢወጣ 4.4 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ከምንፈልገው 174 ኪሎ ግራም ጋር ሲነጻጸር አንድ አርባኛውን ያህል ብቻ ይሆናል። ስለዚህ በመጋዘኑ ውስጥ የታሰረው አየር ብቻውን ጥፋተኛ ሊሆን አይችልም። ከውጭ በየጊዜው የሚገባ እርጥብ አየር ሊሆን ይችላል፤ ያም ቢሆን ለብዙ ሳምንታት ከ70 በመቶ በእጅጉ በላይ መቆየት ይኖርበታል። ቡና በዙሪያው ካለው አየር ጋር የሚስማማበት የእርጥበት መጠን አለውና። አየሩ 70 በመቶ ገደማ ሲሆን ቡናው በ12.5 በመቶ አካባቢ ይረጋል፤ ከዚያ በታች ሻጋታ ለማደግ ይቸገራል።

ጣሪያውስ? እዚህ ላይ አንድ አሳሳች ክስተት አለ። ከላይ የጠቀስነው አየር ወደ 16 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲቀዘቅዝ በተን ይሞላና ጤዛ መጣል ይጀምራል። የቆርቆሮ ጣሪያ ጥርት ባለ ሌሊት ሙቀቱን ወደ ሰማይ ስለሚያፈልቅ ከዙሪያው አየር በታች ይቀዘቅዛል፤ ከ16 ዲግሪ በታች ሲወርድም ውስጠኛው ገጽታው ያልበዋል፣ ከዚያም ወደ ጆንያው ይንጠባጠባል። ጠዋት የመጣው ሠራተኛ እርጥብ ጆንያ አይቶ «ጣሪያው አፈሰሰ» ይላል፤ ሌሊቱን ግን አንዲት ጠብታ ዝናብ አልጣለም። ልብ ማለት የሚገባው፣ ያ ጤዛ በአብዛኛው ከራሱ ከቡናው የወጣ ውኃ ሊሆን ይችላል። የታችኞቹ ጆንያዎች ሲደርቁ የላይኞቹ ይረጥባሉ፤ የጠቅላላው ክብደት ግን አይለወጥም። በዚህም ምክንያት የረጠበውን ጆንያ ብቻ መመዘን ያሳስታል፤ ሁሉም መመዘን አለበት።

እንግዲህ ጥርጣሬዎቹን የሚለያየው ሙከራ ተገኘ ማለት ነው፤ የሚጠይቀውም ሚዛን ብቻ ነው። መቶው ጆንያ በገባበት ሚዛን እንደገና ይመዘን። ጠቅላላው 174 ኪሎ ግራም ከጨመረ ውኃው ከውጭ ገብቷል። ካልጨመረ ውኃው መጀመሪያውኑ በቡናው ውስጥ ነበር፤ ምስክሩም ጆንያው ሳይሆን መለኪያው ነው። ከሚዛኑ በተጨማሪ የሻጋታው አቀማመጥ ራሱ ይናገራል። ጣሪያው አፍስሶ ከሆነ ሻጋታው ከላይ እስከ ታች በአንድ ዓምድ ላይ ይታያል። ከወለሉ የሳበ ከሆነ የታችኛው ረድፍ፣ ከግድግዳው ከሆነ ዳር ዳሩ ይጎዳል። እርጥብ አየር ከሆነ የክምሩ ውጫዊ ገጽታ ይቀድማል። ቡናው ሲመጣ እርጥብ ከነበረ ግን ሻጋታው ቦታን ሳይሆን ባለቤትን ይከተላል፤ የአንድ ቀን ወይም የአንድ አቅራቢ ጆንያዎች የትም ቢቀመጡ አንድ ላይ ይሻግታሉ። ለዚህ ሲባል በጆንያው ላይ የገባበት ቀንና የአቅራቢው መለያ ተጽፎ መገኘት አለበት። በብዙ መጋዘኖች ያልተጻፈ ነገር ቢኖር ይኸው ነው።

በምሳሌያችን ተመዘነ፤ ክብደቱ አልጨመረም። አሁን ምርመራው ሁለት መንገድ ይይዛል። አንደኛው «እርጥብ ቡና ለምን ተመረተ?» የሚል ሲሆን ሁለተኛው «እርጥብ ቡና ለምን ሳይያዝ አለፈ?» የሚል ነው። ሁለቱን መቀላቀል የተለመደ ስሕተት ነው፤ አንዱን ፈትቶ ሌላውን መተውም እንዲሁ።

ከሁለተኛው እንጀምር። በእጅ የሚያዘው የእርጥበት መለኪያ ውኃን በቀጥታ አይመዝንም። የሚለካው የፍሬውን የኤሌክትሪክ ጠባይ ነው፤ የውኃ ዳይኤሌክትሪክ ቋሚ 80 ገደማ ሲሆን የደረቀ ፍሬ ግን ጥቂት ብቻ ስለሆነ ከልዩነቱ እርጥበቱ ይገመታል። ይህ ግምት በሙቀት፣ በፍሬው ጥቅጥቅነትና ቡናው የታጠበ ወይም ያልታጠበ በመሆኑ ይለዋወጣል። ከፀሐይ ላይ ወዲያው የተነሣ ፍሬ ደግሞ ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መለኪያው በየጊዜው ከዋናው ዘዴ ጋር መመሳከር አለበት፤ ይኸውም ናሙናውን በ105 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ምድጃ ውስጥ ለ16 ሰዓት አድርቆ የጎደለውን ክብደት መመዘን ነው። ይህ ቢደረግና መሣሪያው በሁሉም ናሙና ላይ 2.5 ነጥብ ያህል ዝቅ አድርጎ እንደሚያነብ ቢታወቅ፣ ይህ በተማሪ ቤት «ሥርዓታዊ ስሕተት» የምንለው ነው። ሺህ ጊዜ ለክቶ አማካይ በመውሰድ አይጠፋም። ለምን አልተመሳከረም? የማመሳከር ኃላፊነት የተሰጠው ሰው የለም። ለምን? መሣሪያ ለመግዛት በጀት ተይዟል፤ መሣሪያውን ለመፈተሽ ግን አልተያዘም። እዚህ ላይ ብንቆም ያስኬዳል፤ ልንለውጠው የምንችለውና ከለወጥነው ጉድለቱን የሚያስቀር ነገር ላይ ደርሰናልና። «ድህነት ነው» እስኪባል ድረስ መጠየቅ ጥልቅ ትንተና አይደለም። ለመጋዘኑ ኃላፊ የሚሠራው ሥራ አይሰጠውም።

የመጀመሪያው መንገድ ይበልጥ ያስደንቃል። ገበሬው ቡናውን ከማስጫው አልጋ ቀድሞ ያነሣው ለምንድን ነው? ሰነፍ ስለሆነ ነው ማለት ይቀላል። ነገር ግን ከላይ ያገኘነውን ስሌት በገበሬው በኩል እንየው። ቡናውን እስከ 11.5 በመቶ ያደረቀ ሰው 60 ኪሎ ግራም ይሸጣል። ያንኑ ቡና በ14 በመቶ ያነሣው 61.74 ኪሎ ግራም ይሸጣል። ዋጋው በክብደት ብቻ ከሆነ ትጉሁ ለትጋቱ ከሽያጩ 2.8 በመቶ ያህሉን ይቀጣል፤ በዚያ ላይ ተጨማሪ ቀናት ዝናብ እየጠበቀ ቡናውን ሲያገላብጥና ሲሸፍን ይሰነብታል። ጀንፈሉም ቢሆን በዚሁ ስሌት ይሄዳል። እንግዲህ «ገበሬውን እናሠልጥን» የሚለው፣ በየሪፖርቱ የምናየው የእርማት ርምጃ፣ ሒሳቡን ከማንም በተሻለ የሚያውቀውን ሰው ሒሳብ ማስተማር ነው። «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ይሏል ይህ ነው። ርምጃው ክፍያውን በእርጥበቱ መጠን ማስተካከል ነው፤ ይህም የሚቻለው የሚታመን መለኪያ ሲኖር ብቻ ስለሆነ ሁለቱ መንገዶች እዚህ ላይ ይገናኛሉ።

ርምጃው መሥራቱንስ በምን እናውቃለን? በጥር ወር ሻጋታ ቢቀንስ ደስ አይበለን፤ ያለ እኛም ርምጃ ይቀንስ ነበር፣ ወሩ ደረቅ ነውና። ኅዳርን ከኅዳር፣ ዝናባማውን ሳምንት ከዝናባማው ሳምንት ጋር ማነጻጸር ያስፈልጋል። አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ዋልተር ሼዋርት እ.ኤ.አ. በ1924 የቁጥጥር ሠንጠረዥን ያስተዋወቀው ለዚሁ ነበር፦ የተለመደውን መዋዠቅ ከእውነተኛ ለውጥ ለመለየት።

የ2000 ዓ.ም. ጆንያ

ከምሳሌ ወደ ታሪክ እንለፍ። በ2000 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2008) የጃፓን ጤና ሚኒስቴር ከኢትዮጵያ በገባ ቡና ላይ ባደረገው ምርመራ ከተፈቀደው በላይ የፀረ ተባይ ቅሪት አገኘ። እንደ ሊንዴን ያሉ ክሎሪን ያላቸው ኬሚካሎች ነበሩ። ጃፓን ከዋነኞቹ የቡናችን ገዢዎች አንዷ ነበረች፤ ግዢዋ በቀጣዩ ዓመት በእጅጉ አሽቆለቆለ። ጉዳቱ ከላኪው ወደ አቅራቢው፣ ከአቅራቢው ጫካ ውስጥ ቡና ወደሚለቅመው ሰው ይወርዳል።

ጃፓን እ.ኤ.አ. በግንቦት 2006 ሥራ ላይ ባዋለችው ሥርዓት መሠረት፣ የተለየ ወሰን ያልተቀመጠለት ኬሚካል በምግብ ውስጥ ከሚሊዮን 0.01 እጅ እንዳይበልጥ ተደንግጓል። ይህን ቁጥር ወደ ጆንያ እንለውጠው። ለ60 ኪሎ ግራም ቡና 0.6 ሚሊ ግራም ማለት ነው፤ ከጥቂት የጨው ቅንጣቶች ብዙም የማይርቅ ክብደት።

የመጀመሪያው ጥርጣሬ በማሳው ላይ ማረፉ ተፈጥሯዊ ነው፤ ፀረ ተባይ የሚረጨው ማሳ ላይ አይደለምን? ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የተመዘገበውን የያዩን የቡና ደን ያየ ሰው ይህ መልስ እንደማይገጥም ይረዳል። የአገራችን አነስተኛ አምራች፣ በተለይም የደንና የከፊል ደን ቡና ባለቤት፣ በአብዛኛው ለቡናው ኬሚካል አይረጭም። ስለዚህ መንሥኤው ቡናው ከዛፍ ከወረደ በኋላ ባለው መንገድ ላይ መፈለግ ነበረበት፦ በማስጫው፣ በመጋዘኑ፣ በመኪናው፣ በጆንያው። የኢትዮጵያ ባለ ሥልጣናት የሰጡት ማብራሪያም ብክለቱ ከጆንያው መምጣቱን የሚያመለክት ነበር። ይህ በቁጥር ሲታይ የሚያስኬድ ነው። ባዶ ጆንያ ወደ አንድ ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ 0.6 ሚሊ ግራም ኬሚካል በክሩ ውስጥ ተሸሽጎ ከመጣ ሙሉውን ጆንያ ቡና ወሰን ላይ ለማድረስ ይበቃል። እነዚህ ኬሚካሎች በውኃ ውስጥ እምብዛም አይሟሙም፤ በዘይት ግን ይሟሟሉ፤ የአረቢካ ቡና ፍሬ ደግሞ ከክብደቱ 15 በመቶ ያህሉ ዘይት ነው። ጆንያውና ቡናው ወራት አብረው ሲቆዩ ኬሚካሉ ወዴት እንደሚሄድ ግልጽ ነው።

ጆንያ ሲከሰስ ይህ የመጀመሪያው አልነበረም። የጁት ክር ሲፈተል የሚቀባው ዘይት ከነዳጅ የተገኘ በመሆኑ በቡናና በካካዎ ላይ ብክለት ያስከትል ስለ ነበር፣ ዓለም አቀፉ የጁት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1998 ለምግብ የሚሆን ጆንያ ልዩ ደረጃ አውጥቶ በአትክልት ዘይት እንዲተካ አድርጓል። ዘይቱን መቀየር እንግዲህ የእርማት ርምጃ ነው፤ የተበከለውን ቡና መልሶ መላክ ግን ማስተካከያ ብቻ ነው።

የጃፓኑ ችግር ባጋጠመበት በዚያው ዓመት የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ተቋቁሞ፣ በታኅሣሥ 2008 (እ.ኤ.አ.) ቡና ማገበያየት ጀመረ። በደሌም (ዛሬ በቡኖ በደሌ ዞን ያለች) የቡና መረከቢያ ማእከል አገኘች። ግብይቱ ፍጥነትንና የተረጋገጠ ክፍያን አምጥቷል። ሆኖም ቡና በአካባቢና በደረጃ ተመድቦ ሲቀላቀል፣ የአንዱ ጆንያ መነሻ ከሌላው አይለይም። ቀድሞም ቢሆን የኢሉባቦር ቡና በገበያ ላይ በአብዛኛው «ጅማ» በሚል የወል ስም ይሸጥ ነበር። መነሻው የማይታወቅ ጆንያ ላይ ጉድለት ሲገኝ ምርመራው ገና ከመጀመሪያው «ለምን?» ላይ ይቆማል። የሚመለስበት መንገድ የለውምና። ምርት ገበያው ከዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2015፣ ጆንያን በመለያ የመከታተል ሥርዓት ዘርግቷል፤ በ2017 የወጣው የቡና ግብይት አዋጅም ከገበያው ውጪ በቀጥታ ለመሸጥ የሚያስችል በር ከፍቷል። በእኛ አመለካከት፣ ከጃፓኑ ችግር ከወጡት ትምህርቶች ሁሉ ዘግይቶ የመጣውና ዋጋው የበለጠው የመለያው ጉዳይ ነው። ጆንያ መቀየር አንድን ብክለት ያስቀራል፤ መለያው ግን ገና ያላየነውን ብክለት ለማግኘት ያስችላል።

ለተማሪዎች የሚሆን ሙከራ

የፊዚክስም ሆነ የኬሚስትሪ ክበብ ያላቸው የመቱና የአካባቢዋ ትምህርት ቤቶች ከላይ ያልነውን ያለ ውድ መሣሪያ መፈተሽ ይችላሉ። ክዳኑ በደንብ የሚገጥም የብርጭቆ ማሰሮ ይያዝ። ከሥሩ የገበታ ጨው ይደረግና እርጥብ አሸዋ እስኪመስል ድረስ በጥቂት ውኃ ይለወስ። ጨው ያልሟሟ ቅንጣት እስካለው ድረስ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት በላዩ ያለውን አየር በ75 በመቶ አንጻራዊ እርጥበት ላይ ያጸናዋል። በትምህርት ቤቱ ያለ የአየር እርጥበት መለኪያ ካለ አንድ ቀን ውስጥ አኑሮ ምን እንደሚያነብ ማየት ነው፤ 75 ካላነበበ ልዩነቱ የመሣሪያው ስሕተት ነው። ከዚያም 50 ግራም የደረቀ ቡና ጨውን በማይነካ ወንፊት ላይ ተቀምጦ በየሦስት ቀኑ ይመዘን። ሚዛኑ የግራም አንድ አሥረኛን መለየት ይኖርበታል። ክብደቱ መጨመሩን ሲያቆም እርጥበቱን ማስላት ነው። የመጀመሪያው እርጥበት ካልታወቀ ከዚያው ቡና ሌላ ናሙና በ105 ዲግሪ አድርቆ ማግኘት ይቻላል። ቡናው ከ12.5 በመቶ አልፎ ሲገኝ ማሰሮውን ሳይከፍቱ ጥቂት ሳምንት ቢያቆዩት፣ ሻጋታው በየትኛው ቀን እንደ ታየ መዝግቦ መያዝ አይዘንጋ። ያንን የሻገተ ቡና ማንም እንዳይቆላው።